ግድግዳው ላይ ያለው አይጥ

በአገራችን ከተሞች አፀደ ሕፃናት የት እንዳለ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም፤ ግድግዳው ራሱ ይናገራል። ክብ ጆሮ ያለው፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ አይጥ አጥሩ ላይ ተሥሎ ካያችሁ ደርሳችኋል። ከጎኑ ሌላ አይጥ ከድመት ይሸሻል። ራቅ ብሎ የመርከበኛ ቆብ የደፋ ዳክዬ አፉን ከፍቶ ይጮኻል። ሚኪ ማውስ፣ ቶም እና ጄሪ፣ ዶናልድ ዳክ። ሠዓሊው ብዙውን ጊዜ የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ቀለሙም በርና መስኮት ሲቀባ የተረፈ ዘይት ቀለም።

ውድ አንባቢዎች፣ ስለ አንድ መጽሐፍ ወይም ስለ አዲስ የመዝሙር አልበም እንድጽፍላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ዛሬ የምጽፈው ስለ አጥር ነው። እኛ በምንኖርበት ደጋ፣ ከወግዲ እስከ መካነ ሰላም፣ ብዙ ሰው ሥዕል የሚያየው አዳራሽ ገብቶ ሳይሆን በመንገድ ሲያልፍ ነው። ሌላው ምክንያት ወደ እናንተው ይመጣል። ክረምት ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ «ወጣቶች፣ እስቲ የሕፃናቱን ክፍል አሳምሩልን» የሚል ጥያቄ በየአጥቢያው ይነሣል። ብሩሽ ይዛችሁ የምትሥሉት ነገር ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሕፃናት ዐይን ፊት ይቆማል። ሰባኪ ቢሳሳት በሚቀጥለው እሑድ ያርመዋል፤ ግድግዳ ግን በየእሑዱ ያንኑ ይሰብካል።

በመጀመሪያ ለካርቱን ጥብቅና ልቁም። ካርቱን ሲባል ቀልድ፣ የልጅ ነገር፣ ለቁም ነገር የማይመጥን የሚመስላቸው አሉ። እኔ አልስማማም። ካርቱን ማለት ጥቂት መስመር፣ ጥላ የሌለው ቀለም፣ ዙሪያውን በጥቁር የተከበበ ቅርጽ፣ ሆን ተብሎ የተጋነነ ራስ ወይም ዐይን ወይም እጅ ነው። ስልቱ የተፈጠረው ለቸኮለ ተመልካች ነው። ነቢዩ ዕንባቆም ራእዩን በጽላት ላይ በጉልህ እንዲያሰፍር ሲታዘዝ (2፥2) የታሰበው ለሚፈጥን አንባቢ ነበር። ሕዝቅኤል ደግሞ በጡብ ላይ ኢየሩሳሌምን እንዲሥል ታዘዘ (4፥1)። አንዲት ከተማ በአንድ ጡብ ላይ ስትሣል ዝርዝሯ ሁሉ እንደማይገባ ግልጽ ነው፤ ጥቂት መስመር ሆና መምጣት አለባት። ያው ነቢይ በምዕራፍ 8 በግንቡ ዙሪያ የተሣሉ አስጸያፊ ምስሎችን ያያል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሥዕል ሲታዘዝም ሲወገዝም እናገኛለን ማለት ነው። ስለዚህ «መሣል ይገባል ወይ?» ብለን ብቻ ብናቆም ሩቅ አንሄድም፤ ምን ተሣለ፣ ለማን፣ የት ቦታ ብለን መቀጠል አለብን።

ይህን ጥያቄ በትልቁ የተጋፈጡት የምድር ውስጥ ባቡር ያላቸው ከተሞች ናቸው። አስቡት፤ መስኮት የለም፣ ሰማይ የለም፣ ሰዉ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል፣ ያንኑ ግድግዳ ጠዋትና ማታ ለዓመታት ያየዋል። በብራሰልስ ከተማ ስቶኬል በምትባል ጣቢያ፣ እያንዳንዳቸው ከ130 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ሁለት ግድግዳዎች ቲንቲን በሚባለው የካርቱን ተከታታይ ገጸ ባሕርያት ተሞልተዋል። የቲንቲን ደራሲ ኤርዤ ንድፉን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ከመሞቱ በፊት ነው፤ ጣቢያዋ የተከፈተችው በ1988 ነው። በፎቶግራፍ ሳየው የሚማርከኝ ነገር ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው መንገደኛ መሆናቸው ነው። ይሄዳሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይሰናከላሉ፣ ከመጽሐፍ ወጥተው ከተሳፋሪው ጋር ባቡር የሚጠብቁ ይመስላሉ። እዚህ ቦታና ሥዕል ተግባብተዋል። የእኛ አጥር ላይ ያለው አይጥ ግን ባንክ ግድግዳ ላይ ቢሣል፣ ዳቦ ቤት ላይ ቢሣል ያው ነው፤ ቦታው የት እንደሆነ አያውቅም።

በኒው ዮርክ ነገሩ ከዚህም የቀለለ ነበር። ኪት ሄሪንግ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1985 ባለው ጊዜ ጊዜያቸው ያለፈ ማስታወቂያዎች በጥቁር ወረቀት ተሸፍነው ሲያይ፣ ነጭ ጠመኔ ይዞ እዚያው ይሥል ጀመር። የሚድህ ሕፃን፣ ዙሪያውን ጨረር የሚወጣው። የሚጮህ ውሻ። እጅ ለእጅ የተያያዙ ፊት የሌላቸው ሰዎች። ፖሊስ ሊይዘው ስለሚችል፣ ደጋግሞም ስለያዘው፣ እያንዳንዱን በጥቂት ደቂቃ መጨረስ ነበረበት። የመስመሩ ጥራት ከዚያ ጥድፊያ የመጣ ነው። (በጉርምስናው የኢየሱስ እንቅስቃሴ ይባል በነበረው የአሜሪካ ወጣቶች መነቃቃት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ነበረ፤ በኋላ ወጥቷል። የሕፃኑ ጨረር ከዚያ የቀረለት ይመስለኛል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።) የሄሪንግ ዕቃ ጠመኔ ነበር። «ቀለም የለንም» ለምትሉ የወጣት ኅብረቶች ይህን አስታውሱ።

ከሁሉም የምወደው ግን የስቶክሆልም ነው። በዚያች ከተማ ጣቢያዎችን በሥዕል ማስዋብ በ1950ዎቹ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ አብዛኞቹ ጣቢያዎች የራሳቸው ሥራ አላቸው። በማዕከላዊው ጣቢያ ፔር ኦሎፍ ኡልትቬት የተባለ ሠዓሊ በ1970ዎቹ ዋሻውን በሰማያዊ ሐረግና ቅጠል ሸፈነው፤ የተጨናነቀ ሰው ዐይኑን እንዲያሳርፍ። በአንደኛው ክፍል ደግሞ ዋሻውን የቆፈሩትን፣ ብረቱን የበየዱትን፣ እንጨቱን የጠረቡትን ሠራተኞች በጥላ መልክ ሣላቸው። ፊት የላቸውም፤ የሚታወቁት በአቋማቸውና በያዙት መሣሪያ ነው። ማንም ሊሥለው የሚችል ዓይነት ሥዕል ነው። ግን «ይህን ቦታ ማን ሠራው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብቻ ሊያስበው ይችላል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ካርቱን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እስቲ የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አስቧቸው። ስለ ምስል የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አቋም ከኦርቶዶክስ ወገኖቻችን የተለየ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያንን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። ሥዕሉን እንደ ሥዕል ብቻ እንየው። ትልልቅ ዐይኖች። በጥቁር መስመር የተከበበ ፊት። ጥላ የሌለው ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ጻድቃን በሙሉ ፊት በሁለት ዐይን ያያሉ፤ ክፉዎች በአብዛኛው በጎን ተሥለው አንድ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ከበሩ ሆኖ ሔሮድስን ከሰብአ ሰገል ይለያል። ከሥዕሉ ጎን «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር የግእዝ ጽሑፍ ይገኛል፤ «እንዴት እንደ ሆነ» እንደ ማለት ነው። ሥዕሉ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በጨርቅ ላይ ሆኖ ጨርቁ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። መስመር፣ ጠፍጣፋ ቀለም፣ ምልክት፣ አጭር መግለጫ፤ የካርቱን ሠዓሊ ከዚህ የተለየ ምን ያደርጋል?

የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርከው የገበያ ሥዕል ደግሞ ከዚህም ይቀርባል። ከዘንዶው አርዌ ጀምሮ ንግሥቲቱ ወደ ሰሎሞን ሄዳ እስክትመለስና ልጇ እስኪነግሥ ድረስ ታሪኩ በትንንሽ ሳጥኖች ይከፈላል፤ የተለመደው ቁጥር 44 ነው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ታሪክን በሳጥን ከፋፍሎ መንገር ሌላ ቦታ «ኮሚክ» ሲባል እንደ አዲስ ነገር እናየዋለን፤ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ግን ለቱሪስት ሲሸጡት ከመቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሆኗቸዋል።

ትምህርት ቤት ተምሮ የመጣ ሠዓሊም ይህን ቋንቋ አልናቀውም። በአንኮበር የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠራው ባለ ቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ አዳራሹ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። መስታወት ከመስታወት የሚያያዘው በብረት መስመር በመሆኑ እያንዳንዱ ቅርጽ በጥቁር ተከቧል፤ ቀለሙ ንጹሕ፣ ሰዎቹ ግዙፍ ናቸው። ችቦ የያዘውን ቤተሰብ ያየ ሰው የትኛው ክፍል ስለ ነገ እንደሚናገር ማብራሪያ አያሻውም። እንዲህ ያለውን ሥራ «ካርቱን» ብዬ ብጠራው የሚቆጣ ይኖራል፤ እኔ ግን ማክበሬ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወርሰን አጥራችን ላይ ያለው ማን ነው? አይጡ። ጥፋቱ ባዕድ መሆኑ ላይ አይደለም። ጥፋቱ ሠዓሊው አይጡን ያላየው መሆኑ ነው። የሚኪን እጅ ልብ ብላችሁ እዩ፤ በዋናው ሥዕል ጣቶቹ አራት ናቸው፣ ለመሣል እንዲቀልና እንዲያምር ተብሎ። የእኛ አጥሮች ላይ አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ሦስት ይሆናሉ። ከደብተር ሽፋን ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ግድግዳ ሲገለበጥ መስመሩ ይሞታል፤ አይጡ የሚስቅ ሳይሆን ጥርሱን ያመመው ይመስላል። ልጁ ደግሞ ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ይማራል፦ መሣል የሚገባው ፊት የሌላ ሰው ፊት፣ የሌላ አገር እንስሳ ነው። እርሱ በግድግዳው ላይ የለም። እናቱ የለችም። በጓሮው ያለችው ድመት እንኳ የለችም፤ ያለው ቶም ነው።

በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ግን ብዙ ሰው ሥዕል ብሎ የማይቆጥረው ሥዕል አለ። በመማሪያ ክፍሎች የውጭ ግድግዳ ላይ የአፍሪካ ካርታ፣ ልብ ከነደም ሥሩ፣ ጨጓራና አንጀት ተሥለው ታገኛላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ ከአይጡ ይልቅ ጨጓራው ይበልጣል። ያንን የሣለው መምህር የሚያስረዳው ነገር ነበረው፤ ምግቡ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ለማሳየት ሲል መስመሩን አጥርቷል፣ ቀለሙን መርጧል። ጥሩ የአደባባይ ሥዕል ከዚህ ይጀምራል። ለሕፃናትም ቢሆን የአገር ውስጥ ሥራ ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔ ናት፤ በአማርኛ ትናገራለች፣ እጅ መታጠብን ታስተምራለች። ፀሐይን ስንት አጥር ላይ አይታችኋታል?

አዲስ አበባም የተሻለ አልሠራችም። ቀላል ባቡሩ የመጀመሪያ መስመሩን የከፈተው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሏቸው። አብዛኛው በመሬት ላይና በድልድይ ይሄዳል፤ ፒያሳ አካባቢ ብቻ ለአጭር ርቀት ከመሬት በታች ይገባል። ይህን ሁሉ ኮንክሪት ሳይ የምቆጨው በአንድ ነገር ነው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ፊደል የማይለይ ሰው አለ። የሜክሲኮ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት ይህንን ችግር አስቦበት ነበር፦ ላንስ ዋይማን የሚባል ንድፍ አውጪ በመራው ሥራ ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ቀላል ሥዕል ተሰጠው። ማንበብ የማይችል ሰው ፌንጣው ጋ እወርዳለሁ ይላል። ደስ የሚለው ነገር በዚያ ባቡር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ መኖሩ ነው፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። እኛም በምላሹ በአዲስ አበባ «ሜክሲኮ» የሚባል አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለን። የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ሜክሲኮ ወረራውን ከመቃወሟ ጋር የተያያዘ ነው። አንዲት ከገጠር የመጡ እናት ሜክሲኮ ላይ ለመውረድ ቢፈልጉ ምን ሥዕል ይፈልጉ? ለእያንዳንዳችሁ የቤት ሥራ ይሁን፤ ለመገናኛም ለጦር ኃይሎችም ለቃሊቲም ሞክሩት። እኔ ለመገናኛ ቀላል መስሎኝ ጀምሬ አንድ ምሽት ፈጅቶብኛል።

«የምድር ውስጥ ባቡር ወግዲ የት አለና?» ትሉኝ ይሆናል። መናኸሪያ አለ። ሰው የሚጠብቅበት፣ የሚሰለችበት፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ብርድ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ አውቶቡስ እስኪሞላ የሚቆምበት ቦታ የእኛ ጣቢያ ነው። በብዙ መናኸሪያዎች ግድግዳው ላይ የምታነቡት የስልክ ኩባንያ ማስታወቂያና «እዚህ መሽናት ያስቀጣል» የሚለውን ነው። (ሁለተኛው በየከተማው በእጅ ጽሑፍ ይለያያል፤ ስድብ የተጨመረበትም አለ።) ስቶክሆልሞች ዋሻ ቆፋሪውን ከሣሉ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ማን መሣል አለበት? ረዳቱ፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ የከተማ ስም የሚጠራው። ዶሮዋን እግሯን አስራ ይዛ የምትሳፈረው ሴት። ጣራ ላይ ጆንያ የሚጭነው ልጅ። መንገዱን በድንጋይ የደለደሉት ሰዎች። እነዚህን በጥቁር ጥላ ብቻ፣ በአንድ ቀለም መሣል ይቻላል፤ ሥዕሉን ያየ ሰው ሁሉ «ይቺ እገሊት ናት» ይላል።

ስለ ቤታችንም ልናገር። በየአጥቢያው የሕፃናት ክፍሎች የሚሣለው የኖኅ መርከብ ከውጭ ከመጣ የሰንበት ትምህርት መጽሐፍ የተገለበጠ ነው። ኖኅ ነጭ ነው፣ ጢሙ እንደ ገና አባት ነው፤ በመስኮቱ ቀጭኔና የበረዶ አገር ወፍ ብቅ ብለዋል፤ ሁሉም ይስቃሉ። ይህ ሥዕል ሁለት ጊዜ ያሳስበኛል። አንደኛ፣ ታሪኩ አሳዛኝ ነው፤ ውኃ ምድርን ሸፍኖ ሰው ያለቀበት ታሪክ ወደ መዋኛ ሽርሽር ተለውጧል። ሕፃናትን ማስፈራት አይገባም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ማስፈራት ሌላ፣ ታሪኩን መለወጥ ሌላ ነው፤ ጥቁር ደመናና በሩ ተዘግቶ የሚጠብቅ ቤተሰብ ለስድስት ዓመት ልጅ ይገባዋል፤ ክረምት ምን እንደሆነ የወግዲ ልጅ ከማንም በላይ ያውቃል። ሁለተኛው እንስሳቱ ናቸው። ከእኛ ብዙ ሳይርቅ በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳ አለ፣ ቀይ ቀበሮ አለ። ጭላዳ ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ ለካርቱን የፈጠረው እንስሳ ይመስለኛል፤ ያ ጎፈር፣ ያ ደረቱ ላይ ያለ ቀይ ምልክት! መርከቡ ላይ ሁለት ጭላዳ ብትጭኑ ልጆቹ ታሪኩ በእነርሱም ሰማይ ሥር እንደሆነ ይገባቸዋል።

አንድ ከባድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሰውን በጥቂት መስመር መግለጽ የሚችል እጅ ሰውን በጥቂት መስመር ማዋረድም ይችላል። ያ ተወዳጅ ቲንቲን እ.ኤ.አ. በ1931 በመጽሐፍ በወጣው የኮንጎ ጉዞው ውስጥ አፍሪካውያንን ወፍራም ከንፈር ያላቸው የማያስቡ ልጆች አድርጎ ያሳያል፤ ኤርዤ ራሱ በኋላ ተጸጽቶበታል። የእኛም ወገን ታሪክ ከዚህ የጸዳ አይደለም። በተሐድሶ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1521፣ ሉቃስ ክራናህ በአንድ ወገን ክርስቶስን፣ በሌላው ወገን ጳጳሱን እያነጻጸረ የሚያሳይ 13 ጥንድ የእንጨት ኅትመት አወጣ። እንደ ሥዕል የሚደነቅ ነው፤ ማንም ያላነበበ ሰው ይረዳዋል። እንደ ጎረቤት ግን? እኛ የምንኖረው ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና እኛም በአንድ ገበያ በምንገናኝበት በወሎ ነው። ወደ መንገድ የዞረ ግድግዳችሁ ላይ የምትሥሉትን ሰው ፊት ጎረቤታችሁ ሰላም ብሎ ያልፍበታል፤ ፊቱ በጎን፣ ዐይኑ አንድ ሆኖ የተሣለው ማን እንደሆነ እርሱም ያውቃል። ከመጀመራችሁ በፊት ንድፉን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ላለ አንድ ሰው አሳዩ። ዝም ካለ እንደገና ሣሉት።

ለሚጀምሩ ኅብረቶች የምለው ትንሽ ነው። ከስልክ አትገልብጡ፤ መጀመሪያ ሰውየውን ቆማችሁ እዩት። ግድግዳው ላይ በከሰል ነድፉና ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ተመልከቱት፤ ከዚያ የማይታወቅ ነገር ካለ አጥፉት። ሦስት ቀለም ይበቃል። ልስኑ ክረምት ውኃ የሚጠጣ ከሆነ ሥዕሉን ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርጉት፤ መጀመሪያ የሚረግፈው የታችኛው ክፍል ነው፣ ሕፃናቱም በጥፍራቸው የሚፍቁት እዚያው ጋ ነው።